እናቴ ስንት ዓመቷ ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ዕድሜህ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅህ ከኪስህ መታወቂያህን አውጥተህ እንደምታሳየኝ አልጠራጠርም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚሁ አደርግ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ጥቂት አመነታለሁ፤ ጠያቂውም ዕድሜውን የሚደብቅ ጎረምሳ ያገኘ መስሎት ይስቅብኛል። የማመንታቴን ምክንያት ላጫውትህ ነውና እባክህ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይዘህ ተቀመጥ። ስሌቱ ከባድ አይደለም።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው። ከተማችን የዳሞታን ተራራ በጀርባዋ አድርጋ፣ ሰማዩ በጠራ ጠዋት ደግሞ የአባያን ሐይቅ ከሩቅ እያየች የምትውል ናት። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ የቤት ኪራዩም ከማዕረጓ ጋር አብሮ ከፍ ብሏል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በዚህችው ከተማ ባንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ የሆንሁት በ2017 ዓ.ም. ነው። ዘጠነኛ ክፍል ደረሰኝ። ዘጠነኛ ክፍል ማለት ተማሪው ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን በሁለት እኩልዮሽ መፈለግን፣ በተማሪው ቋንቋ «ኢኩዌሽን»ን፣ የሚማርበት ዓመት ነው። ይህንንም ትምህርት ያለ ዕድሜ ጥያቄ የሚያስተምር መጽሐፍ እስካሁን አላየሁም።

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዲት እናት ዛሬ የልጇን ዕድሜ 3 እጥፍ ናት፤ ከ12 ዓመት በኋላ 2 እጥፍ ትሆናለች፤ እናትና ልጅ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው? የእናትን ዕድሜ «እ»፣ የልጅን ዕድሜ «ል» እንበለውና፣

እ = 3 × ል
እ + 12 = 2 × (ል + 12)

ብለን እንጽፋለን። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ውስጥ ብንተካ 3 × ል + 12 = 2 × ል + 24 ይሆናል፤ ስለዚህ ልጅቱ 12፣ እናቲቱ 36 ናቸው። ከ12 ዓመት በኋላ 24 እና 48 ይሆናሉ፤ እውነትም ሁለት እጥፍ ነው።

ተማሪው የሚሳሳተው እምን ላይ እንደ ሆነ ታውቃለህ? እናቲቱን 12 ዓመት ያስረጅና ልጅቱን ባለችበት ይተዋታል። እ + 12 = 2 × ል ብሎ ይጽፋል። ከዚያም የልጅቱ ዕድሜ ከዜሮ በታች 12 ሆኖ ይወጣል። እኔም ሰሌዳው ላይ ቆሜ፣ «እንግዲህ ይህች ልጅ ለመወለድ ገና 12 ዓመት ይቀራታል፤ ለእናቷ ግን ካሁኑ ታዝዛለች» ስል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ጥሩ ነው፤ ስሕተቱን ያስታውሰዋል። ይሁን እንጂ ከዜሮ በታች የሆነ መልስ ሁሉ ሐሰት አይደለም። አባት 40፣ ልጅ 16 ቢሆኑና «አባት ከስንት ዓመት በኋላ የልጁን 4 እጥፍ ይሆናል?» ተብለህ ብትጠየቅ፣ መልሱ ከዜሮ በታች 8 ነው። ይኸውም ጊዜው ካለፈ 8 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ 32 እና 8 ነበሩ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። በሁለት ሰዎች ዕድሜ መካከል ያለው እጥፍ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አይለወጥም። እናትህ አንተን ስትወልድ በ24 ዓመት ትበልጥህ ከነበረ ዛሬም በ24 ትበልጥሃለች። የዕድሜ ጥያቄ ሁሉ የሚፈታው በዚህ ነው።

ይህን ባስተማርሁበት ቀን፣ በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። ስሙን አልጽፍም፤ «የኋላው ልጅ» እንበለው። ብዙ የማይናገር ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ እናትየዋ ዕድሜዋን የማታውቅ ከሆነ ሦስት እጥፍ መሆኗን ማን ነገራት?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና፣ «ጥያቄው እንዲህ ስለሚል ነው» ብዬ አለፍሁት። ይህ መልስ እንዳልሆነ እኔም አውቅ ነበር። ደወሉ አዳነኝ።

ለማካካስ ይመስለኛል፣ በሚቀጥለው ቀን የዲዮፋንቶስን እንቆቅልሽ አመጣሁላቸው። ዲዮፋንቶስ በእስክንድርያ የኖረ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ በሦስተኛው ምእት ዓመት ገደማ እንደ ኖረ ይገመታል። ዕድሜውን በእንቆቅልሽ የሚገልጽ የቆየ የግሪክ ግጥም አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዕድሜውን አንድ ስድስተኛ በልጅነት አሳለፈ፤ አንድ ዐሥራ ሁለተኛው ጢም እስኪያበቅል ሄደ፤ ከዚያ ዕድሜው አንድ ሰባተኛ ቆይቶ አገባ፤ በ5 ዓመቱ ልጅ ወለደ፤ ልጁ የአባቱን ጠቅላላ ዕድሜ ግማሽ ኖረ፤ አባትየውም ከልጁ በኋላ 4 ዓመት ቆይቶ ሞተ። ተማሪዎቼ እስከ ደወሉ ድረስ ታግለው አገኙት፤ 14 እና 7 እና 12 እና 5 እና 42 እና 4 ሲደመር 84 ነው። በጣም ደስ አለን። ያን ዕለት ከመካከላችን ማንም ያላስተዋለው ነገር ነበር፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ወረቀት ዕድሜ ጥቂት ልበል። አንባቢዬ በቅርቡ መሥሪያ ቤት የገባህ ጸሐፊ ወይም ሠራተኛ ከሆንህ፣ በፋይልህ ያለው የትውልድ ዘመን ከየት እንደ መጣ ጠይቀህ ታውቃለህን? በአገራችን የልደት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለድነው አብዛኞቻችን ልደታችን የተጻፈው አንደኛ ክፍል ስንገባ ነው። መዝጋቢው አስተማሪ ቁመታችንን አይቶ፣ ወላጆቻችንን ጠይቆ አንድ ቁጥር ይጽፋል። ያ ቁጥር ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ፈተና ማመልከቻ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ቀበሌ፣ ከዚያ ደመወዝ መዝገብ ይሄዳል። መንገድ ላይ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጠው ሰው 7 መደመር ሲገባው 8 ከደመረ፣ አንድ ሰው በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። የሚያስቀው፣ ከአምስት እጅ ከተገለበጠ በኋላ ቁጥሩን የሚጠራጠር መጥፋቱ ነው።

እኔ ግን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። የክትባት ካርድ ነበረኝ። ጠርዙ ያለቀ፣ ቡናማ የሆነ ካርድ ነው፤ የትውልድ ዘመን 1991 ዓ.ም. ይላል። የእናቴና የአባቴ ስም በሰማያዊ ቀለም፣ የእኔ ስም ደግሞ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል። የልደት የምስክር ወረቀቴም፣ መታወቂያዬም፣ የደመወዝ መዝገቤም የተገለበጡት ከዚያ ነው። በዚህም መሠረት በ2017 ዓ.ም. ዕድሜዬ 26 ነበር።

ለገና ወደ እናቴ ሄድሁ። የምትኖረው ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው፤ አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ በገበያ ቅቤ የሸጠች ናትና በቁጥር የሚያታልላት ሰው አልተወለደም። ማታ እሳት ዳር ጎደሬ እየበላን፣ የኋላው ልጅ ጥያቄ ትዝ አለኝና፣

«እማዬ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተማርኸው አንተ» አለች።

«እስቲ የምታስታውሺውን ንገሪኝ፤ ቁጥሩን እኔ አወጣዋለሁ።»

እየሳቀች ጀመረች። የ77ቱ ረሃብ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ሲታደል በእናቷ ቀሚስ ተንጠልጥላ ሰልፍ ቆማለች። «ይህችን ታክል ነበርሁ» ብላ የጎረቤታችንን ልጅ ጠቆመችኝ። ልጅቱ 8 ዓመቷ ነው። እንግዲህ በ1977 ዓ.ም. 8 ከነበረች በ2017 ዓ.ም. 48 ናት።

ቀጥላም፣ «የተዳርሁት በ15 ዓመቴ ነው፤ ደርግ በወደቀ በማግስቱ ዓመት፣ በጥር። ከዚያ ስድስት ጊፋታ እቅፌ ባዶ ሆኖ አለፈ፤ በሰባተኛው ጊፋታ ልጅ ታቅፌ ከሰው እኩል በላሁ» አለችኝ። ጊፋታ መስከረም ሲጋመስ የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ካልኖርህበት ልነግርህ አልችልም፤ ቀን ቆጥሮ ለማያውቅ ሰው ግን ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የታመነ ነው። 15 እና 7፣ 22 ነው። ስለዚህ ስትወልድ 22 ዓመቷ ነበር፤ ልዩነታችንም 22 ነው።

ከዚያ ጥቂት ዝም አለችና፣ «አንተን ሳልወልድ የኖርሁትና አንተን ከወለድሁ ወዲህ የኖርሁት ዘንድሮ እኩል ሆነ» አለች።

ይህ ንግግር ልቤን ነካው። እንግዲህ ሳታውቀው እ = 2 × ል አለችኝ ማለት ነው። የኋላው ልጅ ሆይ፣ እናት ዕድሜዋን ሳታውቅ እጥፉን ልታውቅ ትችላለች አልሁ በልቤ። ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ ሦስቱን መስመር ጻፍሁ፦

እ = 48
እ − ል = 22
እ = 2 × ል

አንባቢ ሆይ፣ አሁን እርሳስህን አንሣ። ያልታወቁት ሁለት ናቸው፤ እኩልዮሾቹ ግን ሦስት ናቸው። ሁለቱ ይበቁን ነበር፤ ሦስተኛው ምስክር ነው። ምስክሩ ግን አልተስማማም። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ብትይዝ እኔ 26 ነኝ፤ ይህም ከመታወቂያዬ ጋር ልክ ይገጥማል። የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ብትይዝ 24 ነኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብትይዝ ደግሞ እኔ 22፣ እናቴ 44 ትሆናለች። ሦስቱን መስመር በካሬ ወረቀት ላይ ብትስላቸው በአንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን «መፍትሔ የለውም» እንለዋለን።

እኔም የተማረ ሰው እንደሚያደርገው አደረግሁ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ከወረቀቱ ጋር ስለ ተስማሙ ሦስተኛውን ጣልሁት። የእናት ፍቅር የተናገረው ነው፣ ልኬት አይደለም አልሁ። ለእናቴም፣ «48 ነሽ፤ እኔም 26» ብዬ ነገርኋት። እርሷ እሳቱን ቆሰቆሰችና ምንም አልመለሰችም።

ከዕረፍት ስመለስ ይህን ጉዳይ ለክፍሌ ጥያቄ አድርጌ አቀረብሁት፤ የማን እናት እንደ ሆነች ግን አልተናገርሁም። የተናገረችውን ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና፣ «ከሦስቱ አንዱ ስሕተት ነው፤ የትኛውን እንጣል?» አልኋቸው። አብዛኞቹ እንደ እኔ ሦስተኛውን ጣሉ። አንዲት ልጅ የ77ቱን ጣለች፤ ቁመት አያሳምንም አለች፤ ክፉ አስተያየት አይደለም። የኋላው ልጅ ሰሌዳውን ሲያይ ቆይቶ እጁን አነሣ።

«ቲቸር፣ ለምን አንዱ ይጣላል? ሁለተኛው ላይ ‹ልጅ› ነው ያለችው። ሦስተኛው ላይ ‹አንተን› አለች። ልጆቹ ሁለት ቢሆኑስ?»

ክፍሉ እንደ ልማዱ ሳቀ። እኔ ጠመኔውን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። «ጥያቄውን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ እያንዳንዷን ቃል መዝኑ» እያልሁ በየቀኑ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ቦዲቲ ተሳፈርሁ። እናቴ ቅቤ በኮባ ቅጠል ስትጠቀልል አገኘኋት። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ በቀጥታ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ በሰባተኛው ጊፋታ የታቀፍሽው እኔን ነበር?»

እጇ አላቆመም። «አይደለም» አለች። «የፊተኛውን ነው።»

ከእኔ በፊት ልጅ እንደ ነበራት ሰምቼ አላውቅም ነበር። በ1991 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተወለደ። በ1992 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሚጣጢሱ ከመሬት ሳይወጣ በደረቀበት ወራት ሞተ። «ረሃቡ ነው ወይስ ወባው፣ ማን ለይቶ ነገረን?» አለች። እኔ የተወለድሁት ከዚያ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን በሆነበት ሰሞን ነው፤ ገበያው ሁሉ ስለዚያ ሲያወራ እርሷ በምጥ ላይ ነበረች። የእኔን ካርድ አይጥ በላው። በሚሌኒየሙ ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም. መስከረም፣ አባቴ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ሲሄድ ወረቀት አምጣ አሉት። በቤታችን የቀረው ካርድ የፊተኛው ብቻ ነበር። ካርዱ የተሰጠው ስም ሳይወጣለት በፊት ስለ ነበረ የስሙ ቦታ ባዶ ነበር። አባቴ እስክርቢቶ ተውሶ ስሜን ጻፈበት። እንግዲህ ዕድሜዬን በሙሉ ሳየው የኖርሁት ጥቁር ቀለም ይኸው ነው።

«ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»

«አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ዕድሜ ነው፤ ስለ እርሱ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ስሙን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ስነሣ፣ «ካርዱ አንተ ዘንድ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሶዶ ነው።»

«ስትመጣ አምጣልኝ።»

ሰኞ ክፍል ገብቼ ጥያቄውን እንደ ገና ጻፍሁት። «ል» የሚለውን ፊደል አጠፋሁና ታላቁን «ታ»፣ ታናሹን «ና» አልኋቸው።

እ = 48
እ − ታ = 22
እ = 2 × ና

ሦስት ያልታወቁ፣ ሦስት እኩልዮሾች። ታ = 26፣ ና = 24። ሁሉም በየቦታው ገባ፤ እናቲቱ አንድም ቃል አልሳተችም። ስሕተቱ ለሁለት ሰዎች አንድ ፊደል የሰጠው ሰው ነው አልኋቸው። ክፍሉ ለኋላው ልጅ አጨበጨበለት፤ እርሱም አፍሮ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ታላቁ ልጅ አሁን ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰሌዳው ላይ ታ = 26 ይላል። ቀመር ሰው መሞቱን አያውቅም፤ ልዩነቱን ይዞ መቁጠሩን ይቀጥላል። «ጥያቄው አይነግረንም» አልኋት። የዲዮፋንቶስም ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። 84ን አግኝተን የተደሰትንበት እንቆቅልሽ ውስጥ አንድ አባት ልጁን ቀብሮ 4 ዓመት ኖሯል፤ እኛ ግን 4ን ደምረን አለፍን።

የወረቀቱ ነገር ገና አልተቋጨም። ማስተካከል ይገባኛል ወይ ብዬ አንድ ሕግ የሚያውቅ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» አለኝ። ማስረጃዬ በእኔ ላይ የሚመሰክር ካርድና የአንዲት ቅቤ ሻጭ ስሌት ነው። በፋይሌ መሠረት 60 ሞልቶኝ ጡረታ የምወጣው በ2051 ዓ.ም. ነው፤ በእናቴ ስሌት ግን በ2053 ዓ.ም. ነበር። የሁለት ዓመት ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ አስተማሪ ስለ ሆንህ አትናቀው ብሎኛል ጓደኛዬ። እኔም አልናቅሁትም፤ ማመልከቻውን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ካርዱን ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰድሁላት። ከማስረከቤ በፊት ቅጂውን አስነሥቻለሁ፤ ይህን ለአንተ አልደብቅም። በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። ገልብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልም።

«የአንተ የቱ ነው?» አለችኝ።

«ጥቁሩ።»

«የእርሱስ?»

ሰማያዊውን አሳየኋት፤ የተወለደበትን ዓመት፣ የተከተበባቸውን ሦስት ቀኖች፣ የእርሷንና የአባቴን ስም። በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ከዚያም የቅቤ ገንዘቧን በምትቋጥርበት ጨርቅ ጠቅልላ ከአልጋዋ ራስጌ ሰካችውና ቡና ልታፈላ ተነሣች።